ጎፈሬ፣ ሱናና የእናት ቃል



ውድ አንባቢያን! በዚህ ወር ላወያያችሁ የፈለግኩት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩ የወንድ ልጅ ፀጉር ነው። በተለይም ጥቅልል ወይም ከርዳዳ ፀጉር ያለው ወጣት ፀጉሩን ላሳድግ ብሎ ሲነሳ የሚያልፍበት፣ ፀጉሩ አጭርም ረጅምም ያልሆነበት፣ ባለቤቱም የሚያየውም ሰው የሚቸገርበት አጉል ወቅት ነው።

«ፀጉር ደግሞ ምን ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚል ሰው ካለ፣ ቤቱ ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ወንድ ልጅ የሌለው መሆን አለበት። እኔ በምኖርበት በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ እስከ ቡሬ ባለው አካባቢ፣ በፀጉር ምክንያት አባትና ልጅ ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ወጣት የመስጂድ ሽማግሌ እንዳይቆጣው ብሎ ከኋለኛው ሰፍ ሲደበቅ አይቻለሁ። ልጅ «ሱና ነው» ይላል፤ አባት «ዱርዬነት ነው» ይላል። ሁለቱም ቃላቸውን ይወረውራሉ እንጂ ተቀምጠው ዲኑ ምን እንደሚል አይጠያየቁም።

እኔ በልጅነቴ ቁርኣንና ኪታብ በመድረሳ፣ ቀለሙን ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርኩ፣ ዛሬ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። በ2015 ዓ.ም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ፀጉሬን አሳድጌ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው ከኪታብ ያነበብኩትን፣ ከክፍል የማስተምረውንና በራሴ ራስ ላይ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

ፀጉር በአገራችን

በአገራችን ፀጉር ዝም ብሎ የበቀለ ነገር ሆኖ አያውቅም። በገጠሩ የወንድ ልጅ ራስ ዙሪያው ተላጭቶ ከአናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። ሴቷም ጋሜ፣ ከፍ ስትል ሳዱላ ትባላለች። ሰው ራሱን አይቶ ዕድሜዋን ያውቃል። አዋቂ ወንድ ጎፈሬ ሲያሳድግ ደግሞ ጀግንነትን ማመልከቱ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው ይታወቃሉ፤ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ፀጉር ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም ነው። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ አገር የጠየቀው ፀጉር መሆኑ ነው!

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በጣሊያን ዘመን በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞች ፎቶግራፍ ላይም ያንን ትልቅ ጎፈሬ እናየዋለን። በ1933 ዓ.ም ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ ተከትለው ያሳደዱት ባለ ጎፈሬዎች ነበሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ የከተማው ተማሪ ያንኑ ጎፈሬ «አፍሮ» ብሎ አበጠረው።

ከሙስሊሙም ወገን ብንመለከት የአፋር ወንድሞቻችን ፀጉራቸውን ቅቤ እየቀቡ መጠቅለላቸው የታወቀ ነው። ከረዩዎችም የወንዱን ጎፈሬ ጉንፉራ ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ «ፀጉር ማሳደግ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚለው አነጋገር አገሩን ካለማወቅ የመጣ ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ግን አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ «ሉጫ» ሲባል ምስጋና፣ «ከርዳዳ» ሲባል ስድብ ሆኖ ሰምተነዋል። ብዙ ወጣት ፀጉሩን ሁልጊዜ የሚላጨው ንጽሕና ፈልጎ ሳይሆን በከርዳዳነቱ አፍሮ ነው። አላህ የፈጠረው ነገር እንዴት ያሳፍራል?

ነብያችንና ፀጉራቸው

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፀጉር በጣም የተጠቀለለ ከርዳዳም፣ ፍጹም የተዘረጋ ሉጫም አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ነበር። ርዝመቱም አንዳንድ ጊዜ እስከ ጆሮ ልስላሴ፣ አንዳንድ ጊዜ በጆሮና በትከሻ መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም ትከሻን እስከ መንካት መድረሱ ተዘግቧል። ዐረቦች ለእነዚህ ርዝመቶች ወፍራ፣ ሊማና ጁማ የሚሉ ስሞች አሏቸው። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ከተማይቱ ሲገቡ ፀጉራቸው በአራት ጉንጉን ተሠርቶ እንደ ነበር ኡሙ ሃኒእ (ረ.ዐ) አውርተዋል።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙሳን (ዐ.ሰ) ጠይም፣ ረጅምና «ጀዕድ» አድርገው ገልጸዋቸዋል። ጀዕድ ማለት ፀጉረ ጥቅልል ማለት ነው። ከዑለማዎች መካከል ቃሉ የሰውነትን ጥንካሬ ይገልጻል ያሉም አሉ። እዚያው ቡኻሪ ዘንድ ራሱ ዘቢብ የመሰለ ሐበሻ ባሪያ እንኳ ቢሾምባችሁ ስሙት፣ ታዘዙት የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ አለ። ሊቃውንቱ ዘቢብ የተባለበትን ምክንያት ሲያብራሩ የፀጉሩን ጥቁረትና ድብልብል ጥቅልልነት ያነሳሉ። አስተውሉ! ሰዎች ሊንቁት የሚችሉትን ራስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሹመትና ለመታዘዝ ምሳሌ አደረጉት። ከርዳዳ ፀጉር ያለው የጎጃም ልጅ ይህንን ሐዲስ ሲሰማ ቀና ሊል ይገባዋል።

ታዲያ ፀጉር ማሳደግ ሱና ነው ወይስ ልማድ? ዑለማዎች በዚህ ላይ የተለያየ አነጋገር አላቸው። በ241 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አሕመድ ሱና መሆኑን ከተናገሩ በኋላ እርሳቸው ያላሳደጉት ብዙ ድካምና ወጪ ስላለበት እንደሆነ ገልጸዋል። ሌሎች ደግሞ እንደ አለባበስ የአገር ልማድን የሚከተል የተፈቀደ ነገር ነው ይላሉ። ማንም ግን ሐራም ነው አላለም፤ ግዴታ ነውም አላለም። ሰሓባው ዋኢል ኢብን ሑጅር (ረ.ዐ) ፀጉራቸው ረዝሞ ሳለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩትን ቃል ስለ እኔ ነው ብለው ሄደው ቆረጡት። ተመልሰው ሲመጡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንተን ማለቴ አልነበረም፣ ቢሆንም ይህ ይበልጥ ያምራል የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጧቸው። ጉዳዩ ሰፊ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የተከለከለው የታወቀ ነው። ከራስ ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተው፣ በዐረብኛ «ቀዘዕ» የሚባለው፣ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ተከልክሏል፤ ወይ ሁሉን ላጩ ወይ ሁሉን ተዉ ተብሏል። ወላጆች ሆይ! የገጠራችን ቁንጮ በትክክል ይኸው አይደለምን? በልጁ ጎፈሬ የሚቆጣ አባት የሕፃኑን ቁንጮ ዝም ማለቱ ይገርማል።

አጉሉ ወራት

አሁን ወደ ራሱ ችግር እንምጣ። የሰው ፀጉር በአማካይ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ያድጋል። ሉጫ ፀጉር ያደገው ርዝመት ሁሉ ወዲያው ይታያል። ጥቅልል ፀጉር ግን የሚበቅልበት ሥር ራሱ የጎበጠ፣ አንዷ ዘለላ ፀጉር ብትቆረጥም ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች እንደ ሽቦ ጥቅል እየተጠመዘዘች ትወጣለች። አምስት ሴንቲ ሜትር ያደገው ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ መስሎ ይታያል። የቀረው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይሄዳል። አጉሉ ወቅት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ማንም አያስተውልም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ግን ከጆሮዎቼ በላይ ያለው ፀጉር ክንፍ አወጣ፤ የአናቱ ተነስቶ ቀረ፤ የማጅራቱ ኮቱን መንካት ጀመረ። የሥራ ባልደረባዬ «እንጉዳይ ከዝናብ በፊት በቀለ» አለኝ። ክርስቲያን ጎረቤቴ እየሳቁ «መምህር፣ ባሕታዊ ሊሆኑ ነው እንዴ?» አሉኝ። የረመዳን ተራዊሕ በመጋቢት ሲጀመር አንድ ሽማግሌ ከሰላት በኋላ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?» ብለው በእውነት ጠየቁኝ። ይህ ከቀልዱ ሁሉ የበለጠ ከበደኝ። ሰው የታመመ ወይም ሐዘን የተቀመጠ እንዲመስል ሱና አያዝምና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ልብ ብዬ ያዝኩ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፀጉር ያለው ሰው እንዲያከብረው ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰው አይተውም ይህ ሰው ፀጉሩን የሚያስተካክልበት ነገር አያገኝምን ብለው ጠይቀዋል። ስለዚህ «ሱና ነው» የሚል ሰው ማሳደጉን ብቻ ሳይሆን መንከባከቡንም አብሮ መውሰድ አለበት። ማሳደጉ ከጊዜ በቀር ወጪ የለውም፤ ሱናው የሚከብደው ማክበሩ ላይ ነው።

እንዴት እንያዘው?

ለወጣቶች የሚጠቅመውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ እጥበት። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን ጠመዝማዛው መንገድ ስለሚያግደው ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ ይሆናል። በየቀኑ በልብስ ሳሙና የሚታጠብ ሰው ያችኑ ጥቂት ወዝ ያጥባትና ፀጉሩ ይሰባበራል። በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠብ በቂ ነው። ሙስሊም በሰባት ቀን አንድ ጊዜ ራሱንና ገላውን ሊታጠብ እንደሚገባው በሐዲስ ተነግሯል፤ የጁሙዓ ትጥበት ለዚህ ተስማሚ ነው።

ሁለተኛ፣ ማበጠር። ደረቅ ፀጉር አታበጥሩ። እርጥብ እያለ፣ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። ከሥር የጀመረ ቋጠሮውን ወደ ታች እየገፋ ያጠብቀዋል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በየቀኑ ማበጠርን ከልክለው አለፍ እያሉ እንዲሆን ማድረጋቸው ተዘግቧል። ይህ ትእዛዝ ሰውን በመስታወት ፊት ከመዋል ይጠብቀዋል፤ ለጥቅልል ፀጉርም ጤና ነው።

ሦስተኛ፣ ቅባት። የእናቶቻችን ለጋ ቅቤ ለደረቅ ፀጉር መድኃኒት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቅቤ ቀብቶ ሳያጥቡ ወደ መስጂድ መሄድ ጎን ለጎን የሚሰግደውን ወንድም ያስቸግራል። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ የታዘዘው ሽታው ሰዎችን ስለሚያውክ ነው። ቅቤውን ሐሙስ ማታ ቀብታችሁ ዓርብ ጠዋት ታጠቡት፤ በሌላው ቀን ጥቂት የወይራ ዘይት ይበቃል።

አራተኛ፣ ማስተካከል። በአጉሉ ወራት ወደ ፀጉር ቤት መሄድ ማቋረጥ የለባችሁም። የማጅራቱንና የጆሮ ዙሪያውን ጥቂት ጥቂት በመቀስ ማስከርከም መልክ ያስይዘዋል። ምላጭ ግን ከጎን አይግባ፤ ጎኑ ተላጭቶ አናቱ ከቀረ ወደ ቀዘዕ ይገባል።

አምስተኛ፣ ሰላትና ጡሃራ። በውዱእ ጊዜ ራስን ማበስ እንጂ ማጠብ አይጠበቅባችሁም። በትጥበት ጊዜ ግን ውሃው ከቆዳው መድረስ አለበት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ እርጥብ ጣቶቻቸውን በፀጉራቸው ሥር አስገብተው ያሹ፣ ከዚያም ሦስት እፍኝ ውሃ ያፈሱ ነበር። ፀጉሩን ከኋላ አስሮ መስገድም የተጠላ ነው፤ በሱጁድ ጊዜ ፀጉርና ልብስ እንዳይሰበሰብ ታዝዟልና። ፍቱት፣ ከእናንተ ጋር ይስገድ። ግንባራችሁ ግን መሬት መንካቱን አረጋግጡ።

በዚህ ሁኔታ ስቆይ በግንቦት ወር ፀጉሬ ክብደት አገኘ። ወደ ጎን የቆመው ቀስ በቀስ ተኝቶ በጆሮዬ ላይ ወረደ። አጉሉ ጊዜ አለፈ። ሽማግሌውም «አሁንስ አማረብህ» አሉኝ። ከሰባት ወር በፊት የሚቆርጡት ወጣቶች ሁሉ የሚያቆሙት አስቀያሚው ጊዜ ላይ ደርሰው፣ ያማረውን ሳያዩ ነው።

የተማሪው ጥያቄ

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ፀጉራችንን ካልተቆረጥን በር ላይ እንመለሳለን፤ እርስዎ ግን አሳድገዋል። ፍትሕ ነው?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር።

እንዲህ ብዬ መለስኩለት። «ልጄ፣ አንተም አባትህም ስትመዘገቡ የትምህርት ቤቱን ደንብ ተቀብላችኋል። የተቀበሉትን ውል መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ፀጉር ማሳደግ ግን ግዴታ አይደለም። በመምህራን ደንብ ውስጥ ክልከላ ቢኖር እኔም ዛሬውኑ እቆርጥ ነበር። ደንቡ ልክ አይደለም የምትሉ ከሆነ በወላጆች ስብሰባ ይነሳ፤ እኔም አብሬ እናገራለሁ።» ተማሪው ደስ ብሎት ተቀመጠ ልል አልችልም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በር ላይ ሲጨቃጨቅ አላየሁትም። ሱናን ከግዴታ፣ ግዴታን ከፍላጎት ለይቶ ማስቀመጥ የዲን ትምህርት ዋና ክፍል ነው።

የእናት ቃል

በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን ግጭት ተነሳ፤ በሐምሌ ማብቂያም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስለ ግጭቱ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ጎፈሬ ያኔ ሌላ ትርጉም ያዘ። ባለ ጎፈሬ ወጣት መንገድ ላይ ሲታይ ሰዎች አንዱን ወገን ወይም ሌላውን ያስባሉ።

እናቴ ቡሬ ናት፤ እኔ ፍኖተ ሰላም። መንገድ በተከፈተ ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና አፍልታ፣ ሲኒ ሰጥታኝ፣ ራሴን ስትመለከት ቆየች። «ልጄ፣ ነቢ ፀጉር እንዳሳደጉ አውቃለሁ፤ አባትህም ሲያወራ ሰምቻለሁ» አለች። «ግን አንተ መንገድ በወጣህ ቁጥር እኔ እስክትደርስ ውሃ አይወርድልኝም። ሱናህን አልነካብህም። ፍርሃቴን ግን አንሳልኝ።»

ያንን ሌሊት ኢብን ዐብዱልበርን አስታወስኩ። እኚህ የአንደሉስ ሊቅ በ463 ዓመተ ሂጅራ ነው የሞቱት። በእርሳቸው ዘመንና አገር ረጅም ፀጉር የሚያሳድጉት ወታደሮች ብቻ እንደነበሩ፣ የዒልምና የመልካም ሥራ ሰዎች ግን ትተውት መተዉ ራሱ መለያቸው እስከ መሆን እንደደረሰ ጽፈዋል። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በስፔን ምድር የተጻፈው በቡሬ መንገድ ላይ ደረሰ! ፀጉሩ ያው ፀጉር ነው፤ የሚሰጠው ምልክት ግን ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። ለዚህም ነው ሊቃውንቱ እንዲህ ባለ የተፈቀደ ነገር ላይ የአካባቢን ሁኔታ እንድንመለከት የሚያዙን።

የተፈቀደ ነገር ከእናት ጭንቀት ጋር ሲመዘን ሚዛኑ የት እንደሚያጋድል በመድረሳ ያስተማሩን የታወቀ ነው። ለወላጅ በጎ መዋል ግዴታ ነው፤ ጎፈሬ ግን አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ቡሬ ውስጥ ፀጉር ቤት ገብቼ አስከረከምኩት። እናቴ ስታየኝ ምንም አላለችም፤ የተቆረጠውን ራሴን ዳብሳ ዱዓ አደረገችልኝ። አንድ ዓመት የደከምኩበት ፀጉር ነበርና አላሳሰበኝም አልልም። ዱዓው ግን ዛሬም አብሮኝ አለ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ወጣቶች ሆይ! ፀጉራችሁን ማሳደግ ከፈለጋችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ኒያችሁን ጠይቁ። ነብያችሁን (ሰ.ዐ.ወ) ለመከተል ከሆነ በፈጅር ሰላትና በእውነተኛ ምላስም ተከተሏቸው፤ ከራስ ጀምሮ ከራስ የሚያልቅ ሱና የለም። ከዚያም ለአጉሉ ወራት ተዘጋጁ፤ ንጹሕ ሁኑ፤ ቀልድ ሲመጣ ሳቁ። በከርዳዳነቱ አትፈሩ፣ በርዝመቱም አትኩሩ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ፀጉሩን ሲያሳድግ መጀመሪያ ስድብ አይቅደማችሁ። እናቴ ያደረገችውን ተመልከቱ። ሱናውን አልካደችም፣ ልጇን አላዋረደችም፤ ፍርሃቷን ብቻ በግልጽ ነገረችው። በስድብ ቢሆን ምናልባት አልቆርጠውም ነበር።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ያንን የተከበረ ፀጉራቸውን ለአላህ ብለው ተላጭተዋል። ለተላጩትም ደጋግመው፣ ለሚያሳጥሩትም ከዚያ በኋላ ዱዓ አድርገዋል። ማሳደጉም መላጨቱም ለአላህ ሲሆን ዒባዳ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ውጫችንንም ውስጣችንንም ያሳምርልን፤ ለወላጆቻችን የዓይን ማረፊያ ያድርገን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።